ሻንጣው ሳይዘጋ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ በጎንደር አራዳ አካባቢ የምኖር የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የቅበላ ደብዳቤ ደርሶኝ ቪዛዬም ስለተፈቀደልኝ፣ ደመራን ከቤተሰቤ ጋር አሳልፌ በማግስቱ ለመጓዝ ትኬት ቆርጫለሁ። የተፈቀደልኝ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችና አንድ 7 ኪሎ ግራም የእጅ ሻንጣ ነው። እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ማሰናዳት ከጀመረች ወር ሆኗታል። አክስቶቼ ጋቢና ብርድ ልብስ አምጥተዋል፤ ወንድሜ ደግሞ ወፍራም ካፖርት ከአሁኑ ገዝቼ ካልሄድኩ ብርዱን እንደማልችለው ይነግረኛል። ይህ ሁሉ ቢደመር አራት ሻንጣም አይበቃው። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው? እናቴንስ ሳላስከፋ እንዴት ልመልሳት?
ከአራዳ፣ ጎንደር

መልስ፦ ውድ እኅቴ፤ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ሻንጣውን ከመሙላትሽ በፊት ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተሽ እያንዳንዱን እያነሣሽ «ይህን እዚያ ደርሼ በመጠነኛ ገንዘብ ላገኘው እችላለሁን?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ዕቃው እቤት ይቅር። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ የሚገባው በዚያ አገር ለማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው ለማይቀመስ፣ ወይም በደረስሽበት ሌሊት ለሚያስፈልግሽ ነገር ነው።

በዚህ መለኪያ መጀመሪያ የሚወድቀው ወንድምሽ የሚመክርሽ ካፖርት ነው። ብርዱን በተመለከተ አልተሳሳተም፤ ደባርቅ ያደረ ሰው የሚያውቀው የሌሊት ብርድ በጀርመን ከኅዳር እስከ የካቲት ቀን ከሌት ይኖራል፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል። ነገር ግን እኛ አገር ለጎንደር ወይም ለደባርቅ ብርድ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ካፖርት ሻንጣውን በግማሽ ይሞላል እንጂ በረዶና ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ አይመልስም። ለዚያ አየር የተሠራውን ልብስ እዚያው አገር፣ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥባቸው መደብሮች በዝቅተኛ ዋጋ ታገኚዋለሽ። ጫማም እንዲሁ ነው፤ ውኃ የማያስገባና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ እዚያ ግዢ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት የሚባለው የትምህርት መንፈቀ ዓመት በፈረንጆች ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሹራብና በአንድ ጃኬት ታልፊያቸዋለሽ። ጃኬቱን ለብሰሽው ተጓዢ፤ የለበስሽው ልብስ ከሻንጣሽ ጋር አይመዘንም። ደግሞም ቤቱ፣ ክፍሉና አውቶቡሱ ሁሉ ይሞቃል። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ እየደረቡ የሚለብሷቸውና ሲገቡ የሚያወልቋቸው ስስ ልብሶች ይጠቅሙሻል።

ብርድ ልብሱን ለአክስትሽ መልሺላት፤ ጋቢውን ግን ያዢ። ይህን የምልሽ ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የጀርመን የተማሪ መኖሪያዎች አልጋና ፍራሽ እንጂ አንሶላና ብርድ ልብስ አያቀርቡም፤ በዚያ አገር እሑድ ቀን ደግሞ ሱቆች ዝግ ናቸው። ቅዳሜ ማታ የደረሰ ተማሪ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚለብሰውን ይዞ ካልሄደ ባዶ ፍራሽ ላይ ያድራል። አራት ድርብ የሆነ የጎንደር ሸማኔ ጋቢ በዚያ ሌሊት አንሶላም ብርድ ልብስም ይሆንልሻል፤ ከዚያም በኋላ ክረምቱን ሙሉ፣ ፀሐይ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት በታኅሣሥ ወር፣ ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጠሽ ስታነቢ ትከሻሽን ያሞቅልሻል። ከወለቃ የተገዛ ትንሽ ጀበና ካለሽም በዚሁ ጋቢ ጠቅልለሽ በሻንጣው መካከል አስቀምጪው፤ በአንገቱና በጆሮው ዙሪያ ካልሲ ጠምጥሚበት፣ ውስጡንም በካልሲ ሙዪው። ሳይሰበር ይደርሳል። ነገር ግን አንዳንድ አዳዲስ ምድጃዎች የሚያሞቁት የብረት ዕቃን ብቻ ስለሆነ ሸክላ አያፈሉም፤ ስለዚህ የመኖሪያሽን ምድጃ ዓይነት አስቀድመሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ የጎንደር እናት ልብ ያለው እዚህ ላይ ነውና ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ የሚመጡ መንገደኞች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዳይገቡ ይከለክላሉ። ክልከላው ለንግድ ብቻ አይደለም፤ ለራስ ቀለብ የተያዘ አንድ ጠርሙስም ይመለከተዋል። ምክንያቱ የእንስሳት በሽታ በጥሬም ሆነ በደረቀ ሥጋ፣ በወተትና በወተት ውጤቶች ተዛምቶ ከብቶቻቸውን እንዳይፈጅ ነው። ስለዚህ ቅቤው፣ አይቡ፣ ቋንጣውና በቅቤ የታሸው ጭኮ ይቀራሉ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለትምህርት ስሄድ እናቴ ያነጠረችውን ቅቤ በሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በፌስታል ደራርቤ፣ ከልብሴ መካከል ቀብሬ ይዤ ነበር። በደረስኩበት አየር ማረፊያ የጉምሩክ ሠራተኛው ሻንጣውን አስከፍቶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ አንደኛውን ሲከፍተው የኮሰረቱ ሽታ አካባቢውን ሞላው፤ እኔም የእናቴ የሌሊት ልፋት እንደዚያ ዓይኔ እያየ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ቆሜ ተመለከትኩ። ሕጉን አስቀድሜ ባለማጣራቴ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያን ቀን የተሰማኝን ግን አንቺ እንዲሰማሽ አልፈልግም።

እናትሽን የምትመልሻትም በዚህ ነው። ቅቤውን እንዳታነጥር ስትነግሪያት ሌላ ሥራ ስጫት፦ የቅቤውን ቅመም ታዘጋጅልሽ። የደረቀ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አብሽና እርድ፣ እያንዳንዱ በትንሽ ፌስታል ተለይቶ ታሽጎ፣ በአንድ ኪሎ ቅቤ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ በእጇ ጽሑፍ ተጽፎ ይሰጥሽ። በጀርመን ጨው የሌለበት ቅቤ በየሱቁ በ250 ግራም ጥቅል ይሸጣል፤ አራት ጥቅል ገዝተሽ በእናትሽ ቅመም ስታነጥሪው ከጎንደሩ ብዙ አይለይም። እኔም ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እናቴ በስልክ ሆና «አሁን እሳቱን ቀንሺው፣ አረፋውን ግፈፊው» እያለችኝ ያነጠርኩት የመጀመሪያው ቅቤ፣ ሁለታችንንም ደስ አሰኝቶናል።

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ደረቅና የተፈጩ ስለሆኑ ችግር አይገጥማቸውም። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ዓመት፣ 2 ኪሎ በርበሬ፣ 3 ኪሎ ሽሮና ሩብ ኪሎ ሚጥሚጣ ይበቃል እላለሁ። ቅዳሜ ገበያ ያለው መልካም በርበሬ ሁሉ ይገዛ የሚል ዘመድ ቢመጣብሽ በትሕትና መልሺው። ስለ አስተሻሸጉ አንድ ነገር ልብ በይ፦ በርበሬ ከወፍጮ ሲመጣ ሙቀቱ ውስጡ ስለሚቆይ፣ ወዲያው ከታሸገ ላብ አውጥቶ ይጓጉላል፤ ሻጋታም ሊያነሣ ይችላል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ይደር፤ በማግስቱ በየግማሽ ኪሎው በድርብ ፌስታል ይታሸግ። በአንድ ትልቅ ከረጢት የታሸገ በርበሬ ቢቀደድ ልብስሽን ሁሉ ያበላሻል፤ በትንንሹ የታሸገው ግን ቢቀደድም ጉዳቱ የአንዱ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ይዘቱን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ለጥፊበት፤ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ፈታሹን ማስጠርጠሩ አይቀርም። ይህን ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው እንጂ በእጅ ሻንጣ አትያዢው።

ጤፍ ዱቄት አትጫኚ፤ ክብደቱ ብዙ ነው፣ የአበሻ ሱቅ ባለበት ከተማም ይገኛል። ይልቁንም ድርቆሽ ያዢ፤ ቀላል ነው፣ ለወራት ይቆያል፣ ከፈተና በደከመ ሰውነት ስትመለሺ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆንልሻል። በሶና ቆሎም እንዲሁ። ማር ለራስ የሚሆን እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። ቡና ተቆልቶ ይሂድ፤ በጀርመን መኖሪያ ክፍሎች ውስጥ የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ መግጠም በሕግ ግዴታ ነውና፣ በክፍልሽ ቡና ቆልተሽ ጭሱን ብታነሺ ደወሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከቡናው ጋር የሚሄደው ጤና አዳም ግን እርጥብ እንደሆነ አይገባም፤ እርጥብ ተክል ሁሉ፣ ከጥቂት ፍራፍሬዎች በስተቀር፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ጫት በጀርመን ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፤ ማንም «ለእገሌ አድርሺልኝ» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። በአጠቃላይ ራስሽ ከፍተሽ ያላየሽውን፣ በእጅሽ ያላሸግሽውን የሰው ዕቃ አትቀበዪ፤ ዘመድም ቢሆን።

ከጎንደር ለሚሄድ ሰው ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነገርም አለ። በየቤታችን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የብር መስቀል፣ የብራና ዳዊት፣ አሮጌ ሥዕል አይታጣም፤ አያትም የልጅ ልጃቸውን ሲሸኙ «ይጠብቅሽ» ብለው ሊሰጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አያትሽ የሚሰጡሽን አሮጌ ዕቃ በቤት እንዲያስቀምጡልሽ ለምኚያቸው፤ በአንገትሽ የምታደርጊው አዲስ የተሠራ መስቀል ይሁን፤ ከሱቅ የገዛሽበትንም ደረሰኝ አትጣዪ።

መነጽር የምታደርጊ ከሆነ እዚሁ ተመርምረሽ ሁለተኛ አሠርተሽ ሂጂ፤ በጀርመን የመነጽር ዋጋ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፣ ለአዋቂ ሰውም የጤና መድኅኑ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ዘወትር የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ማዘዣው ያዢ። እዚህ ከፋርማሲ በቀላሉ የምናገኘው አንቲባዮቲክ እዚያ ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥም ዕወቂ። ለፀጉርሽ የለመድሽው ቅባትና የመሸፈኛ ሻሽ ይያዝ፤ የእኛን ፀጉር የሚያውቅ ፀጉር ቤት በትንንሽ ከተሞች በቀላሉ አይገኝም። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም።

የመጨረሻው ነገር ስለ ትኬቱ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቀኑ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ «መስከረም 18፣ 0፡40» ቢሆን በረራው መስከረም 17 አምሽቶ ከሌሊቱ 6፡40 ላይ ነው፤ መስከረም 18 ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በዚህ ስሕተት የቀሩ ተማሪዎች አውቃለሁ። ከአዘዞ እስከ ቦሌ ያለው በረራ ከዓለም አቀፉ ትኬትሽ ጋር በአንድ ላይ የተቆረጠ መሆኑንም አረጋግጪ፤ ለብቻው የተገዛ ከሆነ የአገር ውስጡ የክብደት ልክ አነስተኛ ስለሆነ ለሁለተኛው ሻንጣ ተጨማሪ ክፍያ ትጠየቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ሊሄድ ነው። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ቀን ጥር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ይላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ 2002 ተብሎ ተጽፏል። በአንድ የትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የስሙ አጻጻፍም በእንግሊዝኛው ከፓስፖርቱ ይለያል። ይህ ያስቸግረው ይሆን? ሰነዶቹንስ እንዴት ይያዝ? ገንዘብስ በእጁ ምን ያህል ይኑረው?
አንድ አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ አባት፤ የልጅዎ ሁለት ቀኖች አይጋጩም። የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2002 ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ይህ ከሆነ ምንም ስሕተት የለም። ችግር የሚመጣው ከሰነዶቹ በአንዱ የእኛ ዓመት ሳይቀየር፣ «1994» እንዳለ፣ በእንግሊዝኛው ክፍል የተጻፈ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የውጭው ሰው ልጅዎን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ ወይም ሰነዱ የሌላ ሰው ነው ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ክፍል አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ስሕተት ካለ ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ አርሞ ያውጣው። በእጅ የተደለዘ ሰነድ ፈጽሞ እንዳይዝ።

የስሙ ነገር ከዚህ ይብሳል። እኛ በራስ፣ በአባትና በአያት ስም እንጠራለን፤ እነርሱ ዘንድ ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይወሰዳል፣ ልጅዎም በጀርመን ሆነ በሌላ አገር በአያቱ ስም መጠራቱ አይቀርም። «ፀ» ወይም «ጸ» ያለበት ስም በአንዱ ሰነድ በሁለት ፊደል፣ በሌላው በሦስት ሲጻፍ ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። መለኪያው ፓስፖርቱ ይሁን። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲያስተካክልለት፣ ይህ ካልተቻለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጠው ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ። እዚህ በአንድ ጠዋት የሚያልቀው ጉዳይ እዚያ ከሆነ በኋላ በውክልና ወራት ይፈጃል። የሰነዶች ማረጋገጫው ሂደትም፣ ከትምህርት ባለሥልጣኑ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረስ ያለው፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ቀን ስለሚወስድ መታረም ያለበት ሁሉ ከዚያ አስቀድሞ ይታረም።

ሰነድ ከእጅ ሻንጣ አይወጣም። ፓስፖርት፣ የቅበላ ደብዳቤ፣ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመኖሪያ ቤት ውል፣ የጤና መድኅን ማረጋገጫ፣ ቪዛ ሲጠይቅ ያስገባቸው ወረቀቶች ሁሉ ቅጂ፣ በአንድ ውኃ በማያስገባ ማኅደር ይሁኑ። ሻንጣ ሊዘገይ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ልብስ ይተካል፣ ዋና ዲግሪን ግን እንደገና ማውጣት ብዙ ያንከራትታል። ሁሉም በስልክ ተነሥተው አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቅር። ጉርድ ፎቶግራፍም ደርዘን ያህል ይያዝ። የሚሄድበት አገር የክትባት ካርድ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ህንድ ከእኛ አገር ለሚሄድ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ለሚቆይ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታዛለች፣ እነዚህም ከፓስፖርቱ ጋር ይሁኑ።

ስለ ገንዘቡ፦ የሚሄደው ወደ ጀርመን ከሆነና የስኮላርሺፕ ተማሪ ካልሆነ፣ ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ ከተወሰነው በላይ በማያስወጣ ሒሳብ፣ አስቀምጦ በየወሩ 992 ዩሮ እያወጣ ይኖራል። ይህ ገንዘብ ግን በደረሰ ማግስት እጁ አይገባም። ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ፣ ከዚያም የባንክ ሒሳብ መክፈት አለበት፤ ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የቤቱም መያዣ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ወር ወጪ የሚሆን ጥሬ ዩሮ ከባንክ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ የባንኩን ማስረጃ ከገንዘቡ ጋር ይያዝ። ሁሉንም በአንድ ኪስ አያድርገው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዤ ብሄድ በጀርመን ይሠራል? መሰኪያውስ ይገጥማል?
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የሁለቱ አገሮች ኤሌክትሪክ ይቀራረባል፤ የእኛ 220፣ የእነርሱ 230 ቮልት ነው፤ ሁለት ክብ እግር ያለው መሰኪያም ይገጥማል። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የስልክ ቻርጀር ግን ማስማሚያ ይፈልጋል። ምጣዱን ግን አልመክርህም። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ የጀርመን አንድ ሶኬት ልኩ 16 አምፔር፣ ማለትም 3,680 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ከምጣዱ ጋር ማንቆርቆሪያ ብትሰካ ኃይሉ ይቋረጣል። ብዙ የተማሪ መኖሪያዎችም በክፍል ውስጥ ማብሰልን ይከለክላሉ። ሸክላውም ክብደቱን ወስዶብህ መንገድ ላይ የሚሰነጠቅ ዕቃ ነው።

እዚያ የማይጣበቅ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ግዛ፤ እንጀራው ትንሽ ይሆናል እንጂ ዓይን ያወጣል። እርሾ መያዝም አያስፈልግህም፤ የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ ከቆየ ራሱ ይቦካል። የሊጡን ዕቃ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ነገር ግን ሳታስነካ፣ በፎጣ ሸፍነህ አስቀምጠው። ጎንደር በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ በዚያ ብርድ አምስት ቀን ቢፈጅ ተበላሸ ብለህ አትድፋው፤ ላዩ ላይ ውኃው እስኪጠልልና ሽታው እስኪኮመጥጥ ታገሠው።